የቶር መውጫ በር ምን ያሳልፋል? መልሱንስ የት እናገኘዋለን?

ባለፈው ክረምት አንዲት ጓደኛዬ ደወለችልኝ። ሜሪላንድ ሆና በርበሬ፣ ሽሮና ቡና በኢንተርኔት ትሸጣለች። ድረ ገጿን የሠራነው አብረን ነው። ድምጿ ተረብሿል።

"አንድ አድራሻ ሌሊቱን ሙሉ የይለፍ ቃል ሲሞክር አድሯል። ሰውየው ማን እንደሆነ ፈልግልኝ" አለችኝ።

የሰርቨሩን ሎግ፣ ማለትም ማን መቼ እንደመጣ የሚመዘገብበትን ፋይል፣ ከፈትኩት። እውነትም አንድ አይፒ አድራሻ በየጥቂት ደቂቃው መግቢያ ገጹን ያንኳኳል። ከአድራሻው ጋር የተመዘገበውን የሰርቨር ስም ስፈልግ፣ ስሙ ውስጥ "ቶር ኤግዚት" የሚል አገኘሁ። ቶር ሰው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ኢንተርኔት የሚጠቀምበት መረብ ነው፤ ኤግዚት መውጫ ማለት ነው። አድራሻውን ብራውዘር ላይ ጻፍኩት። አጭር ማስታወቂያ ተከፈተ። ይህ ሰርቨር የቶር መውጫ ነው፤ ከዚህ የሚወጣው ትራፊክ የባለቤቱ አይደለም፤ ቅሬታ ካላችሁ በዚህ ጻፉልን ይላል።

"ይሄ አድራሻ የሰውየው አይደለም" አልኳት። "ሰውየው የወጣበት በር ነው።"

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "እሺ፣ በሩ ምን ምን ነው የሚያሳልፈው? ሁሉንም ነገር ነው?"

ሁሉንም አይደለም። ምን እንደሚያሳልፍና ምን እንደማያሳልፍ ደግሞ ማንም ሰው ማየት ይችላል። ችግሩ መረጃው በተለያየ ቦታ፣ በተለያየ መልክ መቀመጡ ነው። አንዱን አይቶ ሌላውን የዘነጋ ሰው ይሳሳታል።

ነገሩ ወዲህ ነው። በቶር ስትጠቀሙ፣ ጥያቄያችሁ በቀጥታ ወደ ድረ ገጹ አይሄድም። በሦስት አቀባባዮች ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። የመጀመሪያው አቀባባይ ከየት እንደመጣችሁ ያያል፤ ወዴት እንደምትሄዱ ግን አያውቅም። መካከለኛው ሁለቱንም አያውቅም። የመጨረሻው ወዴት እንደምትሄዱ ያውቃል፤ ከየት እንደመጣችሁ አያውቅም። መልእክቱ በድርብርብ ቁልፍ ይቆለፋል፣ እያንዳንዱ አቀባባይ አንድ አንድ ልጣጭ ያነሳል። ዘዴው የሽንኩርት መንገድ የተባለው ለዚህ ነው።

የሐሳቡ ጀማሪዎች በአሜሪካ የባህር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ፖል ሲቨርሰን፣ ማይክል ሪድና ዴቪድ ጎልድሽላግ ናቸው። ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1990ዎቹ አጋማሽ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ የምናውቀው ቶር በ2002 ተዘረጋ። ሮጀር ዲንግልዳይንና ኒክ ማቲውሰን ከሲቨርሰን ጋር ሆነው ነው የሠሩት። በ2006 ደግሞ ቶር ፕሮጀክት የሚባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተመሠረተ። አቀባባዮቹን የሚያስተዳድሩት ግን በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ከሦስቱ አቀባባዮች ጣጣው የሚበዛው በመጨረሻው ላይ ነው። ድረ ገጹ የሚያየው የእሱን አድራሻ ነው። ፖሊስም የሚያየው የእሱን ነው። በ2017 ሞስኮ ውስጥ አንድ የሒሳብ መምህር ታሰረ። አመፅ የሚቀሰቅስ ጽሑፍ ከእሱ አይፒ አድራሻ ተለጠፈ ተብሎ ነው። ሰውየው ቤቱ ውስጥ የቶር መውጫ ያሠራ ነበር። ክሱ የተሰረዘለት በ2018 ነው። ይሄን ሁሉ እያወቁ በራቸውን ለማያውቁት ሰው ክፍት የሚያደርጉ ሰዎችን እኔ አከብራለሁ። በሩን መክፈት ያለ ገደብ መክፈት እንዳይሆን ነው እንግዲህ የመውጫ ፖሊሲ የመጣው።

የመውጫ ፖሊሲ ማለት ግቢ በር ላይ የቆመ ዘበኛ የያዘው ወረቀት ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ የሚያልፉና የማያልፉ ተጽፈዋል። ለምሳሌ እንዲህ፦

ሪጀክት 10.0.0.0/8:*
አክሰፕት *:80
አክሰፕት *:443
ሪጀክት *:*

ሪጀክት ከልክል ማለት ነው፣ አክሰፕት አሳልፍ። ከሁለቱ ነጥቦች በፊት ያለው የመድረሻው አድራሻ ነው። ከነጥቦቹ በኋላ ያለው ፖርቱ ነው፤ ፖርት ማለት የአገልግሎቱን ዓይነት የሚለይ ቁጥር ነው። ኮከቧ "ማንኛውም" ማለት ናት። ፖርት 80 ያልተቆለፈ ድረ ገጽ የሚሄድበት ነው። 443 የተቆለፈው፣ ማለትም የቁልፍ ምልክት ያለው ድረ ገጽ የሚሄድበት ነው። ስለዚህ ይህ በር ድረ ገጽ ያሳልፋል፣ ሌላ ነገር አያሳልፍም። የመጀመሪያው መስመር ደግሞ ባለቤቱ ቤት ወይም ቢሮ ውስጥ ያሉትን የውስጥ አድራሻዎች ይጠብቃል። ያለዚያ አንድ የማይታወቅ ሰው በቶር ገብቶ የባለቤቱን ፕሪንተር ሊያገኝ ይችላል። ቶር ራሱ እነዚህን የውስጥ አድራሻዎች ባለቤቱ ባያዘውም ይከለክላል።

ዘበኛው ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች ያነባል። መጀመሪያ የገጠመው መስመር ላይ ይቆማል። ከዚያ በታች ያለውን አያይም። "ሪጀክት *:*" የሚለው መስመር በስሕተት አናት ላይ ቢጻፍ፣ ከሥሩ መቶ ፈቃድ ቢደረደር ዋጋ የለውም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። ባለቤቱ 80 እና 443 ብቻ እንዲያልፉ ፈልጎ ሁለቱን የአክሰፕት መስመሮች ጻፈ እንበል። የመጨረሻውን "ሪጀክት *:*" ረሳው። ምን ይሆናል? ወረቀቱ እዚያ ላይ አያበቃም። ቶር የራሱን ነባር ፖሊሲ ከሥር ይቀጥልበታል። ነባሩ ፖሊሲ ደግሞ የተወሰኑ ፖርቶችን ከልክሎ የቀረውን ሁሉ ያሳልፋል። ከሚከለክላቸው አንዱ 25 ነው፤ የኢሜይል ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚላላኩበት ፖርት ነው፣ አይፈለጌ መልእክት የሚላክበትም እሱ ነው። ዊንዶውስ ፋይል የሚጋራበት 445 ይከለከላል። ቶረንት፣ ማለትም ሰዎች ትልልቅ ፋይል በቀጥታ የሚቀባበሉበት ዘዴ፣ የሚበዛባቸው ከ6881 እስከ 6999 ያሉትም ይከለከላሉ። ከእነዚህና ከጥቂት ሌሎች በቀር ሁሉም ክፍት ነው። ባለቤቱ ሁለት በር የከፈተ መስሎት ግቢውን ሙሉ ከፍቶታል ማለት ነው።

ለዚህ ነው ባለቤቱ "እኔ እንዲህ ነው የጻፍኩት" ቢላችሁ እንኳ ሄዳችሁ የታወጀውን ፖሊሲ ማየት ያለባችሁ። ሰው ያሰበውና ሰርቨሩ ያወጀው ሊለያይ ይችላል።

የታወጀው ታዲያ የት ነው? እያንዳንዱ አቀባባይ ስለ ራሱ አንድ ገላጭ ሰነድ ያወጣል። አድራሻውን፣ ቁልፉን፣ ምን ያህል ትራፊክ መሸከም እንደሚችል፣ የመውጫ ፖሊሲውንም መስመር በመስመር ይጽፋል። በራሱ ቁልፍ ይፈርምበታል። ሰነዱን የሚቀበሉት ማውጫ ሰርቨሮች ይባላሉ። እነዚህ ቁጥራቸው ጥቂት ነው፣ ዘጠኝ አካባቢ። በየሰዓቱ ድምፅ ይሰጣሉ፤ የትኛው አቀባባይ እየሠራ ነው፣ የትኛው ምን ምልክት ይገባዋል ብለው ይስማማሉ። ውጤቱ አንድ የጋራ ዝርዝር ነው። በዓለም ላይ ያለ እያንዳንዱ የቶር ተጠቃሚ መንገዱን የሚመርጠው ከዚህ ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩ ታዲያ ሙሉውን ፖሊሲ አይዝም። ማጠቃለያ ብቻ ነው የሚይዘው። "አክሰፕት 80፣ 443" ይላል፣ በቃ። አድራሻ የለበትም፣ ፖርት ብቻ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ አቀባባዮች አሉ። የሁሉንም ሙሉ ፖሊሲ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ያውርድ ቢባል፣ ኔትወርኩ ደካማ የሆነበትና በጥቅል ዳታ የሚኖር ሰው ቶርን ከነጭራሹ ይተወው ነበር። ማጠቃለያው የተወሰነውን ነገር ትቶ ዳታ ይቆጥባል።

ምን ተወ? አንድ ባለቤት የአንድን ድረ ገጽ አድራሻ ብቻ ቢከለክል፣ ማጠቃለያው ላይ ምንም አይታይም። አንድ ፖርት ማጠቃለያው ላይ ክልክል ተብሎ እንዲጻፍ በጣም ብዙ አድራሻ መከልከል አለበት፤ በሚሊዮኖች የሚቆጠር። ስለዚህ ማጠቃለያው "443 ያልፋል" ሲል "ወደ አብዛኛው ዓለም ያልፋል" ማለቱ ነው። ወደ አንድ የተወሰነ አድራሻ ላያልፍ ይችላል። ተጠቃሚው ይህን አስቀድሞ አያውቅም። በሩ ላይ ሲደርስ ዘበኛው ይመልሰዋል፣ ቶርም ሌላ መውጫ ይሞክራል።

ከማጠቃለያው ይበልጥ የሚያሳስተው "ኤግዚት" የሚለው ምልክት ነው። ብዙ ሰው ምልክቱ ካለ መውጫ ነው፣ ከሌለ አይደለም ብሎ ያስባል። አይደለም። ማውጫ ሰርቨሮቹ ምልክቱን የሚሰጡት በ80ም በ443ም ቢያንስ ወደ አንድ ሰፊ የአድራሻ ክልል ለሚያሳልፍ በር ነው። ክልሉ ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻ የሚይዝ ነው። አንድ አቀባባይ ሰርቨር ማስተዳደሪያ የሆነውን ፖርት 22 ብቻ ቢያሳልፍ፣ ምልክቱን አያገኝም። ነገር ግን በ22 ሰው ከእሱ ሊወጣ ይችላል። ምልክቱን ብቻ አይቶ "ይሄ መውጫ አይደለም" ያለ የሰርቨር ባለሙያ ተሳስቷል። ተቃራኒውም አለ። ምልክቱ ያለው መውጫ ለእናንተ የሚያስፈልገውን ፖርት ላያሳልፍ ይችላል።

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። በቶር ብራውዘር አንድ ድረ ገጽ ክፈቱ። ከአድራሻው ማስገቢያ ግራ ያለችውን የመንገድ ምልክት ስትጫኑ ሦስቱ አቀባባዮች ከነአገራቸው ይዘረዘራሉ። የመጨረሻውን አይፒ አድራሻ ቅዱ። ከዚያ የቶር ፕሮጀክት ሜትሪክስ ገጽ ላይ ሂዱና ሪሌይ ሰርች የሚለውን ክፈቱ። አድራሻውን ለጥፉና ፈልጉ። የአቀባባዩ ስም ይመጣል። እሱን ስትጫኑ ሁሉም ነገር አንድ ገጽ ላይ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። የመገናኛ አድራሻው፣ ምልክቶቹ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ፣ 40 ፊደልና ቁጥር ያለው፣ የጣት አሻራ የሚባለው መለያው። ወደ ታች ውረዱ። ሙሉው ፖሊሲ አለ። ማጠቃለያውም አለ። ሁለቱን አስተያዩ። አይፒ ስድስት የሚባለው አዲሱ የአድራሻ ዓይነት ማጠቃለያ ለብቻው ነው የሚመጣው። ባዶ ከሆነ ባለቤቱ በዚያ በኩል መውጫ አልከፈተም ማለት ነው።

ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ ገጹን በእጅ ማገላበጥ አያስፈልጋችሁም። ሪሌይ ሰርች ራሱ መረጃውን የሚያመጣው ኦኒዮኑ ከሚባል አገልግሎት ነው። እናንተም በቀጥታ ልትጠይቁት ትችላላችሁ፤ ሙሉ ፖሊሲውንም ማጠቃለያውንም በየስሙ ለይቶ ይመልስላችኋል። የድሮ ሰነዶችን የሚፈልግ ደግሞ ኮሌክቶር የሚባለው መዝገብ አለለት። የዓመታት ገላጭ ሰነድና የየሰዓቱ ዝርዝር እዚያ ተቀምጧል።

ጊዜው ካለፈ ነገር ጋር በተያያዘ የሚያስፈልገው ግን ኤግዞነራቶር የሚባለው የቶር ፕሮጀክት አገልግሎት ነው። አድራሻና ቀን ትሰጡታላችሁ። ያ አድራሻ በዚያ ቀን የቶር አቀባባይ ነበር ወይስ አልነበረም ብሎ ይነግራችኋል፤ መውጫ ይፈቅድ እንደነበረም ይጠቅሳል። የዛሬን አይመልስም፣ አንድ ሁለት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። የጓደኛዬን ሎግ ያጣራሁት በዚህ ነው። አድራሻው ዛሬ መውጫ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ሙከራው በተደረገበት ሌሊትም መውጫ መሆን አለበት። አይፒ አድራሻ እንደ ኪራይ ቤት ነው፣ ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው ይገባበታል። ቀኑን ሳያጣሩ ሰው መክሰስ ትልቅ በደል ነው።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። አንዳንድ መውጫ በአንድ አድራሻ ይቀበልና በሌላ አድራሻ ያስወጣል። እናንተ ሎግ ላይ ያያችሁት አድራሻና አቀባባዩ በዝርዝሩ ላይ የተመዘገበበት አድራሻ ላይገጥም ይችላል። ለዚህ ቶር ፕሮጀክት መውጫዎቹን እየሞከረ በእውነት የወጡበትን አድራሻ ለብቻው ይመዘግባል። ድረ ገጽ የምታስተዳድሩ ሰዎች የመውጫ አድራሻ ከፈለጋችሁ የዚያን መዝገብ ተጠቀሙ።

ፖሊሲው የማይነግራችሁ ነገርም አለ። ባለቤቱ ምን እንደሚያሳልፍ እንጂ የሚያልፈውን ያያል ወይስ አያይም አይልም። በ2007 ዳን ኤገርስታድ የተባለ ስዊድናዊ የደኅንነት ባለሙያ አምስት መውጫ ከፍቶ የሚያልፈውን ተመለከተ። የኤምባሲዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የኢሜይል ይለፍ ቃል ሳይቆለፍ ሲያልፍ አገኘ። መቶ ያህሉን ይፋ አወጣ። ቶር አልተሰበረም ነበር። ሰዎቹ ነበሩ የማይቆልፍ የኢሜይል አገልግሎት የተጠቀሙት። ስለዚህ ፖርት 80ን በቶር ስትጠቀሙ በሩ ላይ ያለው ሰው ሊያነብ እንደሚችል አስቡ። በ443 ግን የምታነቡትንና የምትጽፉትን አያይም፤ ወዴት እንደምትሄዱ ብቻ ነው የሚያየው። መጨረሻቸው ኦኒየን የሚል ድረ ገጾች ደግሞ ከቶር ሳይወጡ ስለሚከፈቱ ይህ ጣጣ የለባቸውም።

አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ ለምን ይፋ ሆነ፣ መደበቅ አይሻልም ነበር ወይ ይላል። መውጫ ከተደበቀ ተጠቃሚው እንዴት ይመርጠዋል? 443 የሚያሳልፈውን በር ለማግኘት የበሮቹን ወረቀት አስቀድሞ ማየት አለበት። ዋጋ ግን ያስከፍላል። ይፋ የሆነ አድራሻ ለማገድ ቀላል ነው። መግቢያው ላይም ያው ነው። ድልድይ የሚባሉት ዝርዝሩ ላይ የማይወጡ መግቢያዎች ለዚህ ነው የተፈጠሩት። ድልድይ የሚባሉት ዝርዝሩ ላይ የማይወጡ መግቢያዎች ለዚህ ነው የተፈጠሩት። መውጫ ግን ድልድይ የለውም። ይፋ መሆን ግድ ነው።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። "የቶርን መውጫ ሁሉ ልዝጋው?" አለችኝ። መዝጋት ትችላለች፣ ዝርዝሩ አለ። ግን ቶርን የሚጠቀም ሁሉ ሌባ አይደለም። ማንም እንዳያውቅበት ፈልጎ በሰላም ቡና የሚገዛም አለ። ስለዚህ በሩን ትተን መግቢያው ላይ ሠራን። አምስት ጊዜ የተሳሳተ አድራሻ ለአንድ ሰዓት እንዲቆም አደረግን። የአስተዳዳሪዋን አካውንት ለመክፈት በስልክ የሚመጣ ኮድ ጨመርን። ሙከራው በዚያው ቆመ።

እሷ ግን አልበቃትም። ሪሌይ ሰርች ላይ ያገኘችውን የመገናኛ አድራሻ ይዛ ለመውጫው ባለቤት ጻፈች። ሰርቨሯ የራሱ አድራሻ ስላለው እሱንና የሎጉን ቀን ላከችለት። በትሕትና ነው የጻፈችው። ሰውየው በማግስቱ መለሰላት። አዝኛለሁ፣ ማን እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም፣ እኔም አላውቀውም፣ ግን ከእኔ በር ወደ አንቺ ማንም እንዳያልፍ አደርጋለሁ አላት።

ሌላ በር እንዳለ ነግሬያት ነበር። ታውቃለች። ቢሆንም ማታ ደወለችልኝ። ሪሌይ ሰርችን ከፍታ ሙሉውን ፖሊሲ ታነብልኛለች። መጀመሪያ የውስጥ አድራሻዎቹ። ቀጥሎ የባለቤቱ የራሱ አድራሻ። ከዚያ ድምጿ ከፍ አለ። "ሪጀክት" አለችና የራሷን ሰርቨር አድራሻ ቁጥር በቁጥር አነበበችልኝ።

"ማጠቃለያውስ ምን ይላል?" አልኳት።

ወደ ታች ወረደች። "ያው ነው" አለች። "443 አሁንም ያልፋል ይላል።"